አምስት ሰው፣ አንድ ትኬት

ቶኪዮ ውስጥ ሚናሚ ሰንጁ ባቡር ጣቢያ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነበር። ሰፈሩ ገና አልነቃም። ሠራተኛው ትኬቷን ከእጄ ተቀበለና አንዴ እሷን፣ አንዴ እኛን አየ። ከዚያ በጣቱ ቆጠረን። ማኅተሙን አነሳና አምስት ጊዜ መታባት። አምስት ሰዎች በአንዲት ወረቀት አልፈን ገባን።

ስለ ጃፓን ጉዟችን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፉጂን አያችሁ ወይ? ሱሺው እንዴት ነው? ስንት ፈጀባችሁ? ሁሉንም እመልሳለሁ። መጀመሪያ የማወራው ግን ስለዚህች ትኬት ነው።

ሴይሹን 18 ትባላለች፤ «የወጣትነት 18» እንደማለት ነው። ስሟ እንዲህ ይሁን እንጂ የዕድሜ ገደብ የላትም። እኛ ሁላችንም 40ን አልፈናል። ከ1982 ጀምሮ (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወቅቶች ትሸጣለች። ጄአር የሚባሉት ኩባንያዎች ተራ ባቡሮች ላይ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ቀኑን ሙሉ እንደልባችሁ ትሳፈሩባታላችሁ። ዝነኛው ፈጣን ባቡር ሺንካንሰን ላይ ግን አትሠራም። በየጣቢያው እየቆመ ተማሪና ሠራተኛ የሚያመላልሰው ባቡር ነው የእሷ።

እኛ የሄድነው በ2024 ጸደይ፣ በእኛ መጋቢት 2016 ነው። ያኔ ዋጋዋ 12,050 የን ነበር፣ አምስት ማኅተም የሚያርፍባት ቦታም ነበራት። አንድ ሰው አምስት ቀን ይሄድባታል፣ ወይም አምስት ሰው አንድ ቀን። እኛ አምስት ነን። ለሰው 2,410 የን ማለት ነው። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን ለአንድ ሰው ወደ 14,000 የን ያስከፍላል።

ሂሳቡን ልጨርስላችሁ። ለቱሪስት የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ፓስ በ2023 ኦክቶበር ላይ ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘለለ። እኛ በጠቅላላ ጉዟችን አራት ሴይሹን ገዛን፤ 48,200 የን። ለአምስታችን! አምስት ሰው ከአንድ ሰው ፓስ ባነሰ ገንዘብ ከቶኪዮ ሂሮሺማ ደርሶ ተመለሰ። ይህን አስልታ በቡድን ጥሪ ላይ ስትነግረን ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ አንዱ «እንሂድ በቃ» አለ።

ያሰላችው የቶሮንቶዋ ናት። ስማቸውን አልጽፍም፣ በየከተማቸው ልጥራቸው። የአዲስ አበባው፣ የዱባዩ፣ የቶሮንቶዋ፣ የአትላንታዋ፣ እና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት እኔ። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። 12ኛ ክፍል ከጨረስን ወዲህ አምስታችንም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን አናውቅም ነበር። ሁለት ሆነን ተገናኝተናል። አንዴ ሰርግ ላይ ሦስት ሆነናል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። ለቅሶ እንኳ በስልክ ነው የተላቀስነው።

ለምን ጃፓን? አዲስ አበባ ብንገናኝ በማግስቱ እያንዳንዳችን ለዘመድ ተበታትነን እናልቃለን። አሜሪካ ቢሆን ለሁለቱ ቪዛው ከባድ ነው። ጃፓን ለማናችንም ቤት አይደለችም፤ ማንም አስተናጋጅ፣ ማንም እንግዳ አይሆንም። የን ደግሞ በጣም ወርዶ ነበር፣ በዚያ ሰሞን አንድ ዶላር ከ150 የን በላይ ያመጣ ነበር።

የአዲስ አበባውና የዱባዩ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ለጃፓን ቪዛ ሲያመለክቱ የየቀኑ ፕሮግራም በሠንጠረዥ ተሞልቶ ይቀርባል። የትኛው ቀን የት ከተማ፣ የት ማደሪያ፣ ስልኩ ስንት። ያንን ሠንጠረዥ ለመሙላት ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ቪዛው ሲወጣ ግን ሌላ ዕቅድ አላስፈለገንም፣ ጉዟችን ከዚያ ወረቀት ፍንክች አላለም።

ገንዘባችንም የጋራ ነበር። በየሁለት ቀኑ እያንዳንዳችን 12,000 የን አንዲት ባለ ዚፕ ቦርሳ ውስጥ እንጥላለን፣ ቦርሳዋን የአትላንታዋ ትይዛለች። መኝታ፣ ምግብ፣ የከተማ ባቡር ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ማን ምን በላ ተብሎ አይቆጠርም። ዋይፋይም አንድ ነው፣ የኪስ ዋይፋይ ተከራይተን አምስታችን እሱን ነው የምንጠቀመው። ይህ ነገር በኋላ ጉድ እንደሚሠራን አላሰብንም።

ሚናሚ ሰንጁ ያረፍነው ርካሽ ስለሆነ ነው። ሳንያ የሚባለው አካባቢ የቀን ሠራተኞች ማደሪያ ሰፈር ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶኪዮን የገነቡት ሰዎች ማታ ማታ ጎናቸውን የሚያሳርፉት እዚህ ነው። አሁን ብዙዎቹ አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹ ማደሪያዎች ደግሞ እንደኛ ላለ መንገደኛ ይከራያሉ። ክፍሌ ሦስት ታታሚ (ወለሉ ላይ የሚነጠፍ የሣር ምንጣፍ) ብቻ ናት፣ ፍራሹ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ እጄን ዘርግቼ ሁለቱንም ግድግዳ ልነካ ምንም አይቀረኝም። ማታ ስንመለስ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች እናገኛለን። እጅ ስንነሳ ጎንበስ ይሉልናል። በቀን ያየናቸውን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እነዚህ እጆች ናቸው የሠሯቸው እያልኩ እጃቸውን አይ ነበር።

ቶኪዮ ውስጥ በነፃ የሚታየው ብዙ ነው። የከተማው አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ ላይ፣ 202 ሜትር ከፍታ ድረስ፣ ያለ ክፍያ ያስወጣል። እዚያው እያለን ማርች 29 ቀን ሳኩራ፣ የጃፓን ቼሪ ዛፍ፣ ማበቧ በይፋ ተነገረ፤ በዚያ ዓመት ዘግይታ ነው። ባለሙያዎቹ አንድ የተመረጠ ዛፍ እያዩ አምስት ስድስት አበባ ሲፈነዳ ነው የሚያውጁት። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ምንጣፍ ይዞ ፓርክ ገባ። እኛም ገባን።

እኔ ግን ልየው ብዬ የተነሳሁት ሌላ ነገር ነበር። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ሄደን ቶቢታክዩ ጣቢያ ወረድን፣ ከዚያ በእግር ወደ ኮሹ ካይዶ ጎዳና። የጭነት መኪና የሚግተለተልበት ተራ አውራ ጎዳና ነው። ዳር ላይ ምልክት ቆሟል። የ1964ቱ ኦሊምፒክ ማራቶን ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ቦታ! ኦክቶበር 21 ቀን አበበ ቢቂላ ከስታዲየሙ ተነስቶ እዚህ ድረስ ሮጠ፣ እዚህ ዞረ፣ ተመልሶም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከዚያ በፊት ማንም በዚያ ፍጥነት ማራቶን ሮጦ አያውቅም። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ደግሞ ስድስት ሳምንት አልሞላውም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ በጫማ፤ ሁለት ኦሊምፒክ በተከታታይ።

የአዲስ አበባው ምልክቱን በእጁ ዳሰሰው። «አባቴ ስለዚህ ሩጫ ሲያወራ ነው ያደግኩት» አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። የሚታይ ነገር የለም፣ መንገድ ነው። ግን ከዚያ መሄድ አልቻልንም። ቶኪዮ የምትሄዱ ሁሉ፣ እባካችሁ እዚያ ሳትደርሱ አትመለሱ።

አሁን ወደ ባቡሩ ልመለስ።

ከቶኪዮ ኪዮቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሺንካንሰን በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጨርሰዋል። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅብናል ብለን ነው የተነሳነው። አታሚ ላይ ትወርዳለህ፣ ሌላ ትይዛለህ። ሐማማትሱ፣ ቶዮሃሺ፣ ኦጋኪ፣ ማይባራ ላይም እንደዚያው። ኦዳዋራን እንዳለፍን በግራ በኩል ባሕሩ መጣ። ሚሺማን ስናልፍ ደግሞ ፉጂ በቀኝ መስኮት ገባ፣ አናቱ በበረዶ እንደተሸፈነ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቀና ብለውም አላዩትም፣ የየቀን ጎረቤታቸው ነዋ።

ሺዙኦካ ክፍለ ሀገር ውስጥ ወንበሮቹ ረጃጅም አግዳሚዎች ናቸው፣ ፊት ለፊት ነው የሚያስቀምጡት። የድሮውን ውይይት ታክሲ የሚያስታውስ ያውቀዋል። ጃፓን ባቡር ውስጥ ደግሞ ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብለን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጠጋግተን፣ በሹክሹክታ እናወራለን። ይህ ሹክሹክታ ምን እንዳደረገን ልንገራችሁ። በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ እንጮሃለን፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ «ሰላም ነው፣ ሁሉም ደህና» ብለን እንዘጋለን። እዚያ አግዳሚ ላይ ግን የዱባዩ በ2020 አባቱ ሲሞቱ አየር ማረፊያው ተዘግቶ ቀብራቸውን በስልክ ቪዲዮ እንዳየ ነገረን። አራት ዓመት ሙሉ ይህን አናውቅም ነበር። ማረፋቸውን ሰምተን «አላህ ይርሐማቸው» ብለን ጽፈንለታል። በስልክ ማየቱን ግን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ከዚያ ሐማማትሱ ደረስን።

በዚያ መስመር አንዳንዶቹ ባቡሮች መጸዳጃ የላቸውም። የአዲስ አበባው ሮጥ ብሎ ወደ ጣቢያው መጸዳጃ ሄደ። እኛ ወደ ሚቀጥለው ባቡር ገብተን ቦታ ያዝን። ይደርሳል ብለን ነው፣ እኔ ነኝ ይደርሳል ያልኩት። በሩ ተዘጋ። የጃፓን ባቡር አይጠብቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። በመስኮት ሳየው ደረጃውን እየወጣ ነበር።

ትኬቷ እኔ ኪስ ውስጥ ናት። ዋይፋዩ የቶሮንቶዋ ቦርሳ ውስጥ ነው። ገንዘቡ የአትላንታዋ ጋ። እሱ ጋ ኔትወርክ የሌለው ስልክ ብቻ ነው ያለው። በሚቀጥለው ጣቢያ፣ ታካትሱካ፣ ወርደን የመልሱን ባቡር ስንጠብቅ አንዳችንም አልተናገርንም። ስንመለስ ባለበት ቦታ ቆሟል፣ እዚያው ደረጃው አፍ ላይ፣ እጁን አጣምሮ። «ከዚህ ንቅንቅ ካልኩ አታገኙኝም ብዬ ነው» አለና ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ይቅርታ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ አላየኝም።

ቀጣዩ ባቡር ላይ ሦስት ጣቢያ ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠ። ቤንተንጂማ ስንደርስ ሐዲዱ ሐማና ሐይቅ አፍ ላይ ይወጣል፣ ግራና ቀኙ ውሃ ይሆናል፣ ከውሃው ውስጥ አንድ ቀይ የቶሪ በር፣ የጃፓን መቅደሶች መግቢያ፣ ቆሟል። ውሃውን እያየ፣ በዚያ የባቡር ሹክሹክታ፣ እንዲህ አለ፦ «ባቡሩ ሲሄድ ቦሌ ነው የታየኝ። አራታችሁንም በየተራ የሸኘሁት እኔ ነኝ እኮ።»

ቶዮሃሺ እስክንደርስ ማንም አላወራም። የአትላንታዋ እጁን ይዛው ነበር።

ስለ ምግብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የሄድንበት ጊዜ ልዩ ነበርና። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ነው የገቡት፣ መጋቢት 2። የአዲስ አበባውና የቶሮንቶዋ ሁዳዴ ይዘዋል። የዱባዩ ረመዳን ይዟል፤ መንገደኛ ስለሆነ ማፍጠር ተፈቅዶለት ሳለ «ከእናንተ ጋር ስሆንማ አልፈታም» ብሎ ጾመ። እኔና የአትላንታዋም እነሱን እያየን አብረን ያዝን።

ጃፓን ውስጥ ጾም ቀላል አይደለም። አትክልት ነው ብለህ የምታዝዘው ነገር ሁሉ ዳሺ አለበት። ዳሺ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አትክልት የሚወጣ መረቅ ነው፣ ሾርባውም ወጡም በእሱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ምግብ ቤት መግባት ተውን። ሌሊቱን ሁሉ ክፍት ከሆኑት ትንንሽ ሱቆች ኦኒጊሪ እንገዛለን፣ ኡሜ የሚባል ጎምዛዛ የጨው ፍሬ መሐሉ ያለበትን የሩዝ ድብልብል። ከሱፐርማርኬት ቶፉ፣ ሙዝ፣ ኦቾሎኒ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያኪ ኢሞ! የተጠበሰ ስኳር ድንች ነው፣ በር ላይ ማሞቂያ ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል፣ ቆዳው ሲላጥ ማር ማር ይላል። በሁለት እጅ ይዘኸው ስትሄድ እጅህንም ያሞቃል። ማታ ማታ ሱፐርማርኬቶች የቀኑን ምግብ በግማሽ ዋጋ ቢጫና ቀይ ወረቀት ይለጥፉበታል፤ የዱባዩ የሚያፈጥርበት ሰዓት ሊያልፍ ሲል ወረቀቱ መለጠፍ ይጀምራል፣ እኛም እዚያው ቆመን እንጠብቃለን።

ጾሙ ሌላም ነገር ሰጠን። የዱባዩ ለሱሁር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ኪዮቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ሁላችንም አብረነው ተነሳን። በላን፣ ጸለየ፣ ከዚያ ተመልሶ ከመተኛት እንሂድ ተባባልንና በጨለማ ወደ ፉሺሚ ኢናሪ በእግር ተጓዝን። መቅደሱ የሚዘጋ በር የለውም፣ ክፍያም የለውም፣ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ብርቱካንማ የቶሪ በሮች ተደርድረው ተራራውን ያወጡሃል። በቀን ትከሻ ለትከሻ የሚተፋፈግበት ቦታ ነው ይላሉ። እኛ ስንደርስ አንዲት ድመት ብቻ ነበረች። እየወጣን ሳለ ነጋ። በሮቹ መሐል ብርሃኑ እየሰነጠቀ ሲገባ አየን፣ የአትላንታዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ምን ሆንሽ አላልናትም።

ናራም ሄደናል፣ አጋዘኖቹ በከተማው መሐል እንደ ሰው ይንሸራሸራሉ፣ ልጆች ይዘን እንመጣለን ብለን ተማምለናል።

ሂሮሺማ ላይ ግን ቆም ልበል። የሰላም መታሰቢያ ሙዚየሙ መግቢያ 200 የን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዋጋ ማሳየታቸው ራሱ አንድ ነገር ይነግርሃል፤ ማንም ሰው በገንዘብ ምክንያት ሳያይ እንዳይቀር ፈልገዋል ብዬ ነው የማስበው። አቶሚክ ቦምቡ የፈነዳው ኦገስት 6 ቀን 1945፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ይነዳት የነበረች ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አለች፣ የተቃጠለች፣ የዛገች። አባቱ ከልጁ ጋር ግቢው ውስጥ ቀብሯት ነበር፣ ከዓመታት በኋላ አውጥቶ ለሙዚየሙ ሰጠ። ፊቷ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።

ከመሐላችን የአንዷ እናት በእኛው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደሴ ነበሩ። ከሙዚየሙ ወጥተን ወንዙ ዳር ተቀመጥን፣ ፊት ለፊታችን ከቦምቡ አጥንቱ የቀረው ሕንፃ ጉልላት አለ። እሷ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። «ምን እየሠራሽ ነው እማ?» ብላ ጠየቀች። እናቷ ቡና እያፈሉ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ቡናው ብቻ አወሩ።

ሦስተኛዋን ትኬት ያስመታነው በማግስቱ ማለዳ ነው፣ ከአራቱም ብዙ ያገለገለችን እሷ ናት። ወደ ሚያጂማ ደሴት የሚያሻግረውን የጄአር ጀልባም ትሸፍናለች፤ የከፈልነው የደሴቷን የጎብኚ ግብር 100 የን ብቻ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ውሃ ላይ የሚቆመው ትልቁ ቶሪ እግር ሥር ድረስ በእግራችን ሄድን። ከዚያ በዚያችው ትኬት ቀኑን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ተጉዘን ኮቤ ወረድን። የዱባዩ ቃል ገብተንለት ነበር። የኮቤ መስጊድ በ1935 የተሠራ ነው፣ ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያው። በ1945 የአየር ድብደባው ዙሪያውን ሲያቃጥለው ቆሞ ቀረ፣ በ1995 የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማውን ሲያፈርሰውም ቆሞ ቀረ። ደጁ ላይ እንጠብቅህ ስንለው አንድ ሽማግሌ ወጡና እኛንም አስገቡን። ቴምር ሰጡን፣ ውሃ ሰጡን። ሁዳዴ የያዙትም፣ ረመዳን የያዘውም፣ በአንድ አዛን አብረን አፈጠርን።

አሁን እንደዚህ መሄድ አይቻልም። በ2024 መጨረሻ የሴይሹን 18 ደንብ ተቀየረ። ትኬቷ የአንድ ሰው ብቻ ሆነች፣ ሦስት ወይም አምስት ተከታታይ ቀን፣ በአውቶማቲክ በር ታልፋለች፣ ማንም ቆሞ አይቆጥርህም። ዜናውን ያነበበችው የቶሮንቶዋ ናት፣ ለቡድናችን ላከችው፣ ማንም ለብዙ ሰዓት አልመለሰላትም። በጣም ነው ያዘንኩት። አንድ ድርጅት ሥራውን ማቅለሉ ይገባኛል። ግን አምስት ሰውን በአንዲት ወረቀት የሚያስተሳስር ነገር ዓለም ላይ ስንት አለ?

የመጨረሻው ማታ፣ እዚያችው ሚናሚ ሰንጁ፣ የአትላንታዋ የጋራ ቦርሳችንን ታታሚው ላይ ዘረገፈችው። ጥቂት ሳንቲምና አራት ያለቁ ትኬቶች ወጡ። በማግስቱ የዱባዩ ለኢድ ቤቱ ለመድረስ በጠዋት ይበራል፣ ሌሎቻችንም በየአቅጣጫችን። አራት ትኬት፣ አምስት ሰው። እኔ ባዶዋን ቦርሳ ወሰድኩ። የመጀመሪያዋን ትኬት፣ ሐማማትሱ ላይ እኔ ኪስ ውስጥ የነበረችውን፣ ለአዲስ አበባው ሰጠሁት። ወደ መብራቱ ጠጋ አደረጋትና ማኅተሞቹን በጣቱ ቆጠረ። አምስት።